ከነጥቡ በስተቀኝ

ኢፍራህን ቁጭ ብላ ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እሷ ወንበር ላይ የምታርፈው ለመነሳት ያህል ነው። ሻይ አዝዛ ገና ሳይመጣላት ቆማ ታገኟታላችሁ፤ ከመጣም ቆማ ትጠጣዋለች። ምናልባት ለምነዋት ከተቀመጠች ደግሞ ቀኝ እግሯ ከጠረጴዛው ስር ለብቻው ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆውም ከማንኪያው ጋር አብሮት ይዘፍናል። የሰፈር ልጆች ገና በልጅነቷ «ቁጭ በይ» የሚል ስም አወጡላት። ስሙን የወሰዱት ከእናቷ ከመሪያም አፍ ነው። መሪያም ቀኑን ሙሉ ከምትናገረው ሁሉ የሚበዛው ይኸው ነበርና፤ «ቁጭ በይ ሆዮ! በአላህ ቁጭ በይ!»

ሆዮ በሶማልኛ እናት ማለት ነው። ግን እናትም ልጇን ስትጠራ፣ ስትወዳትም ስትቆጣትም፣ ሆዮ ትላታለች። ስለዚህ በዚያ ቤት ሆዮ ያልሆነ ሰው አልነበረም። አባትየው ጅቡቲ ሄዶ እዚያው ስለቀረ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አንዷ «ሆዮ» ስትል ሌላዋ «አቤት» ትላለች፣ ጎረቤት ደግሞ እናቲቱ የትኛዋ እንደሆነች ግራ ይገባዋል።

ሰው እረፍት የሚያጣው በተፈጥሮው ነው የሚሉ አሉ። እኔ አላምንም። የ1998ቱ ጎርፍ የመጣ ሌሊት ኢፍራህ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ከእንቅልፏ ስትነቃ እናቷ ጀርባ ላይ ነበረች፣ እናቷም እየሮጠች ነበር። ከዚያ ወዲህ ጆሮዋ ተኝቶ አያውቅም። ድሬ ላይ ደግሞ ጎርፍ እንደሌላው አገር ደመና ልኮ፣ ዝናብ አስቀድሞ አይመጣም። ከላይ ከተራሮቹ ይዘንባል፤ እዚህ ታች ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ አሸዋው ላይ ፍየል ይተኛል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ስለሆነ ወንዝ ብሎ የሚጠራው የለም። አሸዋ ነው የሚባለው። ሰው በአሸዋው አቋርጦ ገበያ ይሄዳል፣ በአሸዋው ይመለሳል። ከዚያ አንድ ቀን አሸዋው ወንዝ መሆኑ ትዝ ይለዋል።

ኢፍራህ ትምህርቷን ስትጨርስ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት ልብስ ስፌት ፋብሪካዎች አንዱ ጋ ተቀጠረች። ሥራዋ በሱሪ ወገብ ላይ ቁጥር የተጻፈባትን ትንሽ ጨርቅ መስፋት ነበር። ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ለሰፋው ሱሪ ስም ታወጣለታለች። ቁጥሩ ከተሳሳተ ሱሪው ምንም ቢያምር ለባሹ አይገባለትም፤ ሰውዬው ታዲያ የሚረግመው ጨርቋን ሳይሆን የገዛ ወገቡን ነው። ይሄ ነገር ያስቃት ነበር፣ ያሳስባትም ነበር። እናቷ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ውስጥ የሕፃናት ልብስ ስለምትሸጥ ይህን ጉድ በየቀኑ ታየዋለች፤ «የሁለት ዓመት» የተባለው ቀሚስ ለአራት ዓመት ልጅ ሲሆን፣ እናት ልጇ እንዳላደገች አስባ ስታዝን። ኢፍራህ ግን ከስፌት መኪናው ጋር መቀመጥ አልሆነላትም። አለቃዋ በመጨረሻ «አንቺ ልጅ ስትሠሪ ጎበዝ ነሽ፤ ግን አንቺን ሳይ እኔ ይደክመኛል» ብላ በፍቅር አሰናበተቻት።

ከዚያ ነው ጋሽ ፍቅረ ማርያም ማተሚያ ቤት የገባችው። ጋሽ ፍቅረ ማርያም የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው፤ ሸሚዛቸው እስከ አንገት ይቆለፋል፣ ሰዓታቸው አይዛነፍም። ድሬ ላይ ትልቁም ትንሹም «አንተ» እየተባባለ ነው የሚኖረው፤ ኢፍራህም ሰው አንቱ ማለት አይሆንላትም፣ እሳቸውን ግን አንቱ ትላለች። መጀመሪያ የሰርግ ካርድና የሱቅ ማስታወቂያ ሠራች። ቆይተው ካርታ ላይ አስቀመጧት። እሳቸው መንገዱንና ቤቱን በኮምፒውተር ይስላሉ፣ እሷ ስሙን ታስገባለች። ሕጉንም እንዲህ ብለው አስተማሯት፤ ስም ከነጥቡ በስተቀኝ ይቀመጣል፣ ትንሽ ከፍ ብሎ። ቀኙ ከተያዘ ወደ ሌላ ጎን ይሄዳል። ጽሑፍ መንገድ አይረግጥም። የወንዝ ስም ከወንዙ ጋር ይጠማዘዛል። ሰፊ ሰፈር ከሆነ ፊደሎቹ ተራርቀው ሰፈሩን ይሞሉታል።

ቀላል ይመስላል። ሞክሩት። ድሬ ላይ አንድ ቦታ በአማርኛ አንድ ስም አለው፣ በኦሮምኛ ሌላ፣ በሶማልኛ ሌላ፣ ባጃጅ ነጂዎች ዘንድ ደግሞ ማንም ያልጻፈው አራተኛ። የኦሮምኛውና የሶማልኛው ይረዝማል፣ የአማርኛው አጭር ነው ግን ይወፍራል። አንዱን ስታስቀምጥ ሌላው ጤና ጣቢያው ላይ ይወጣል፤ እሱን ስታነሳ መስጊዱ ይሸፈናል። ኢፍራህ ሥራውን የወደደችው ለዚህ ነው። እንደሷው መቀመጫ የማይበቃቸው ነገሮች አገኘች። ቆማ፣ በአንድ እጇ ማውሱን ይዛ፣ ስሞቹን ከወዲያ ወዲህ ስታመላልስ ውላ ታመሻለች፤ ቦታ ሲያገኙ ደስታዋ ልክ የለውም።

ባለፈው ዓመት ከክረምቱ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ለየሰፈሩ የጎርፍ ጊዜ ካርታ አዘዘ። በየግድግዳው የሚለጠፍ፣ በየቤቱ የሚታደል፣ በጥቁር ቀለም ብቻ የሚታተም። የኢፍራህን የእናቷን ሰፈር የሚያሳየው ወረቀት ላይ ሁለት ነጥቦች ነበሩ። አንዱ በግራ በኩል ያለው ኮረብታ ነው፤ ጎርፍ ሲመጣ ወደዚያ ነው የሚሮጠው። ሁለተኛው በቀኝ በኩል ያለው የአሸዋው መሻገሪያ ነው፤ ወደዚያ ዝር አይባልም። ኢፍራህ በኮረብታው ነጥብ ቀኝ «መሸሻ» ብላ ጻፈች፣ በመሻገሪያው ነጥብ ቀኝ «አደጋ»። ጋሽ ፍቅረ ማርያም የነጥቦቹን መልክ እንለያየው ወይ ብለው ነበር። እሷ ናት «ጽሑፉ ይበቃል ጋሼ» ያለችው። ጽሑፏን ታምነው ነበር። ወረቀቱ ታተመ፣ ተሰቀለ፣ ታደለ። ለአንድ ሳምንት ያህል እግሯ እንኳ ትንሽ ረጋ ብሎ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቷ ቤት ስትገባ ካርታው መስታወቱ አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። መሪያም ከታይዋን የላስቲክ ሽፋን ገዝታ አልብሳዋለች፤ የገዛ ፎቶዋን እንኳ እንዲህ አልብሳ አታውቅም። ኢፍራህ ደስ አላት፤ ለጨዋታ ያህል ጠየቀቻት።

«ሆዮ፣ እስቲ ጎርፍ መጣ እንበል። ወዴት ትሄጃለሽ?»

«አንቺው ጽፈሽው የለ እንዴ?» አለች መሪያም። ጣቷን ከወረቀቱ ቀኝ ጫፍ አስገብታ ወደ ግራ መጎተት ጀመረች። «ይሄ አደጋ ይላል። የወረቀቱ ስም ነው። ቀጥሎ ነጥብ መጣች። ነጥቧ ምን ትላለች? መሸሻ ትላለች። በቃ፣ እዚህ ነዋ የምሄደው።»

ጣቷ ያረፈው መሻገሪያው ላይ ነበር፤ አሸዋው መሃል።

መሪያም ማንበብ ትችላለች። የአማርኛውን ፊደል ትልቅ ሰው ሆና በመሠረተ ትምህርት ለቅማዋለች። ዓይኗ ወረቀት የለመደው ግን በልጅነቷ ዱግሲ፣ ቁርአን ቤት፣ ቁጭ ብላ ስትቀራ ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ። አንዱን ቃል ስታነብ ከግራ ትጀምራለች፤ ገጹን ስታይ ከቀኝ ትገባለች። ከቀኝ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ነጥብ ይቀድማል፣ ስሙ ይከተላል። ሁለቱ ነጥቦች በአንድ መስመር ላይ ስለሆኑ «መሸሻ» የሚለው ቃል መሃል ላይ ተቀምጧል፤ ከግራ የመጣው ለኮረብታው ይሰጠዋል፣ ከቀኝ የመጣው ለአሸዋው። ቃሉ አልተሳሳተም፣ ነጥቡም አልተሳሳተም። ኢፍራህ የእናቷን ጣት ይዛ ወደ ኮረብታው ጎተተችው።

«ሆዮ፣ ከግራ ነው የሚነበበው! ስሙ ከነጥቡ በስተቀኝ ነው!»

«ልታስተምሪኝ ነው?»

«ኮረብታው ነው መሸሻው! አሸዋው ይገድላል!»

«አሸዋ እንደሚገድል ለኔ ትነግሪኛለሽ? በጀርባዬ ማንን ነበር የተሸከምኩት?» አለች መሪያም፣ ተቆጥታ። «ወረቀቱ እንዲህ ካለ መንግሥት የሚያውቀው ነገር ይኖራል ብዬ ነው እንጂ። ምናልባት ድልድይ ሠርተው ይሆናል።»

ይሄ ነው ኢፍራህን ያሳበዳት። እናቷ ዕድሜ ልኳን የምታውቀውን ነገር፣ ልጇ ለጻፈችው ወረቀት ስትል ልትተወው ነው። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ ወደ ሚስማሩ ስትራመድ መሪያም ከፊቷ ተደቀነች።

«ወረቀቴን እንዳትነኪ! ልጄ የሠራችው ነው!»

«ልጅሽ እኮ እኔ ነኝ!»

«ትሁኚ።»

ኢፍራህ በሩን በርግዳ ወጣች። በማግስቱ ጠዋት ማተሚያ ቤቱ ሳይከፈት በሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ስትል ጋሽ ፍቅረ ማርያም ደረሱ። ነገረቻቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

«ሕጉን እኮ አልጣስንም ልጄ» አሉ።

«አልጣስንም ጋሼ። ሰው ግን ልንጨርስ ነው።»

 እሳቸው ወረቀቱን ራቅ አድርገው ይዘው፣ ዓይናቸውን ከቀኝ ጫፍ ጀምረው ቀስ እያሉ አመጡት። መሃል ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተለወጠ። እንደገና ለማተም ያዘዘው መሥሪያ ቤት መፍቀድ አለበት፤ እዚያው ስልክ አነሱ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበር። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ነበር። የዚህ አገር ስብሰባ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ ካለ እሱም እጁን ያውጣ። በመጨረሻ ጋሽ ፍቅረ ማርያም መሳቢያቸውን ከፍተው ወፋፍራም ማርከሮች አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩላት። «ደመወዝሽ አይቆረጥም» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ዒልሚ የሚባለው የእናቷ ጎረቤት ባጃጅ ነጂ ነው። እሱን ይዛ ካርታው የተለጠፈበትን ግድግዳ ሁሉ ማሰስ ጀመረች። ከ«መሸሻ» ወደ ኮረብታው ነጥብ አንድ ወፍራም መስመር ትጎትታለች፤ መሻገሪያው ላይ ትልቅ ኤክስ ታደርጋለች። አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ዘበኛው «የመንግሥት ንብረት ታበላሻለች» ብሎ ዱላ ይዞ አባረራት። አንድ ፋርማሲ ውስጥ ማስታወቂያ ልትለጥፍ የመጣች መስሏቸው አስወጧት። መስጊድ ደጃፍ ላይ ግን ምርኩዛቸውን የተደገፉ ሽማግሌ ካርታውን ሲያዩ አገኘቻቸው። ምንም ሳትነግራቸው መሸሻው የቱ ጋ ነው ብላ ጠየቀች። ጣታቸው ከቀኝ ገባ፣ አሸዋው ላይ ቆመ።

«አየህ?» አለችው ዒልሚን። «አየህ? አላበድኩም!»

«አቦ፣ ማን አበድሽ አለ? ባጃጁ ላይ ቁጭ በይና እንሂድ እንጂ» አለ ዒልሚ። ቆማ ነበር የምትሄደው፤ አንድ እግሯ ውጭ።

ግድግዳዎቹ ተስተካከሉ። በየቤቱ የገባውንም ባገኘችው በር ሁሉ እያንኳኳች አስተካከለች። አንድ ወረቀት ብቻ ቀረ፤ መስታወቱ አጠገብ፣ ሚስማር ላይ፣ በላስቲክ ውስጥ ያለው። ኢፍራህ በሄደች ቁጥር መሪያም «ደግሞ መጣሽ?» እያለች በሩ ላይ ትቆማለች። «ግራ ሆዮ፣ ግራ!» ትላታለች ኢፍራህ። «እሺ ግራ» ትላታለች እናቷ፤ ለሕፃን እሺ እንደሚባለው። ኢፍራህ ቤቱ ሳትገባ ማርከሩን እንደያዘች ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ ምግብ አልጥም አላት። ሥራ ቦታም ስሞቹን አስቀምጣ ታነሳቸዋለች፣ አንስታ ታስቀምጣቸዋለች፤ የአንድ ሆቴል ስም እንኳ ከነጥቡ ቀኝ መጻፍ እጇ እምቢ አለ።

ቀኑ ፀሐይ የበዛበት ነበር። ዙህር ተሰግዶ ብዙም ሳይቆይ፣ ኢፍራህ እንደ ልማዷ መስኮቱ ጋ ቆማ፣ በተራራው በኩል ያለው ሰማይ መጥቆሩን አየች። ከተማው ላይ አንዲት ጠብታ የለም። ከዚያ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ተከፈተ፤ አዛን አይደለም። በሶማልኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ አንድ ነገር ይደጋግማል፤ ከላይ ውሃ መጥቷል፣ ከአሸዋው ውጡ። ማውሱ ከጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ እሷ መንገድ ላይ ነበረች። እናቷ ስልክ አታነሳም። ዒልሚን ሰው ሲያወርድ አገኘችው፤ ሳታናግረው ገባች፣ ሳይጠይቃት ነዳ።

የእናቷ ቤት በር ክፍት ነው። ድስቱ ከእሳት ወርዷል። መሪያም የለችም። ኢፍራህ ዞራ ስትወጣ ዓይኗ መስታወቱ ጋ ሄደ። ሚስማሩ ባዶውን ቀርቷል። ካርታው የለም።

ወረቀቱን ይዛ ሄዳለች ማለት ነው። ወረቀቱ ወደሚላት ነው የሄደችው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ማሰብ የሚሉት ነገር አልመራውም። ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን አዝሎ፣ ፍየሉን እየጎተተ ወደ ኮረብታው ሲወጣ፣ እሷ ሰውን እየገፋች ወደታች ሮጠች። ዒልሚ ከኋላዋ «ወዴት ነው? ኢፍራህ! ወዴት ነው?» ይላል። አሸዋው ጋ ደረሰች፣ ገባች፣ መሻገሪያው መሃል ቆመች። ማንም የለም። የተጣለ ኳስ አለ። ነፋሱ እርጥብ አፈር እርጥብ አፈር ይሸታል፣ ከላይ በኩል ደግሞ የከባድ መኪና የመሰለ ድምፅ ይሰማል፤ በዚያ በኩል ግን መንገድ የለም።

«ሆዮ!» ብላ ጮኸች።

«ሆዮ!» አለ አንድ ድምፅ።

የገደል ማሚቶ መሰላት። እንደገና ጮኸች። «ሆዮ! ሆዮ!»

«ሆዮ! ካላይ! ነይ ውጪ!»

የገደል ማሚቶ «ነይ» አይልም። ኢፍራህ ዞረች። ኮረብታው ላይ፣ ከሰው ሁሉ ወደ ፊት ወጥታ፣ አንዲት ሴት ነጭ ነገር እያውለበለበች ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትጮሃለች። ነጩ ነገር በፀሐይዋ ያብረቀርቃል። ላስቲክ ነው።

እንዴት እንደወጣች አታስታውሰውም። ዒልሚ ክንዷን ይዞ ሲጎትታት ጫማዋ አንዱ አሸዋው ውስጥ ቀረ። አፋፉ ላይ ገና ሲደርሱ ቡናማው ውሃ ቅርንጫፍና ጄሪካን እየገፋ መታጠፊያውን ዞሮ መጣ፤ ኳሱንም ጫማውንም ይዞ ሄደ።

ኮረብታው ላይ መሪያም መጀመሪያ ትከሻዋን መታቻት። ከዚያ አቀፈቻት። ከዚያ ደግሞ እንደገና መታቻት።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ የጻፍሽው? ማንበብ አትችዪም? ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል አሸዋ የገባችው የኔዋ ብቻ! የካርታ ሠራተኛዋ!»

«ካርታው አልነበረም» አለች ኢፍራህ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ሚስማሩ ላይ አልነበረም። ይዘሽው... አንቺ በቀኝ...»

«ይዤው ነዋ! ልጄ የሠራችውን ለውሃ ልተው?»

ላስቲኩን እጇ ላይ አኖረችላት። ኢፍራህ አየችው። ከ«መሸሻ» ወደ ግራ፣ እስከ ኮረብታው ነጥብ ድረስ፣ አንድ ጥቁር መስመር ተጎትቷል። ወፍራም ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጫፉ በጣት ተዳምጧል። ማርከር አይደለም። እናቷ ዓይኗን የምትኳልበት ኩል ነው። መስመሩ ያለው ደግሞ ከላስቲኩ ውስጥ፣ ወረቀቱ ላይ ነው። ዛሬ የተሠራ አይደለም፤ ኩሉ ደርቆ ጠርዙ መፈርፈር ጀምሯል።

«መቼ ነው?»

«መጀመሪያ የተጣላን ቀን። በሩን በርግደሽ እንደወጣሽ።» መሪያም ሻሿን አስተካከለች። «ግራ አልሽኝ። ግራ አደረግኩት።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም? እኔ እኮ እብድ ሆኜ...»

«እሺ ግራ ብዬሽ የለ? በመጣሽ ቁጥር እሺ ግራ አላልኩሽም? አንቺ ነሽ ያላመንሽኝ።»

 ኢፍራህ የሰፈሩን ግድግዳ ሁሉ ስታስተካክል፣ የሽማግሌውን ጣት ስትከተል፣ የገዛ እናቷ ከሁሉ ቀድማ ሰምታት እንደነበር አልጠረጠረችም። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። እዚያው ፊት ለፊታቸው ውሃው መሻገሪያውን ሞልቶ፣ እሷ ቆማበት በነበረው ቦታ ላይ የአንድ ቤት ቆርቆሮ እያዞረ ይወስዳል።

«ቁጭ በይ» አለቻት እናቷ፣ መሬቱን እየጠረገችላት።

ቁጭ አለች። አንድ እግሯ ባዶ ነው፣ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ። መሪያም እጇን ጉልበቷ ላይ አኖረች፤ ውሃው እስኪጎድል አላነሳችውም።